ጠገራ በክረምት ይወጣል

ጅማ ላይ አሮጌ ገንዘብ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው የዓመቱን ወራት የሚቆጥረው ከቡና ነጋዴው በተገላቢጦሽ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀይ ቡና ተለቅሞ አልጋ ላይ ሲሰጣ፣ አጋሮና ሊሙ ገነት ላይ ሻይ ቤቱ ሁሉ ሲሞላ፣ ለእኔ ቢጤው መግዛት የሚባል ነገር የለም። ኪሱ የሞላ ሰው የአያቱን ጠገራ ከሳጥን የሚያወጣው ምን ቆርጦት? ነገር የሚመጣው ሐምሌ ሲገባ ነው። የአምናው የቡና ገንዘብ አልቋል፤ የዘንድሮው ቡና ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ዝናቡ ቀንና ሌት ይወርዳል፤ ከፊት ደግሞ መስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ይዞ ቆሟል። ያን ጊዜ ሳጥን ይከፈታል። ሂርማታ ገበያ ዳር፣ ወዳጄ ልብስ ሰፊው በሚያስጠጋኝ በረንዳ ላይ፣ አንዲት እናት ዣንጥላቸውን ያራግፉና፣ ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው፣ "ልጄ፣ ይህቺ ስንት ታወጣለች?" ይሉኛል።

ስንት እንደምታወጣ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። የማንስማማው በምን እንደምትለካ ነው። እኔ በግራም አስባለሁ፤ እሳቸው በባለቤቷ። በዚህ ንግድ ግራም የማይሸጥ፣ ባለቤትም የማይመዘን ስለሆነ እንጀራዬ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ባሕር ማዶ ለዚህ ሥራ አዳራሽ አለው። በርሊን ላይ በየዓመቱ ትልቅ የሳንቲም ትርዒት ይካሄዳል፤ የየአገሩ ገንዘብ ማተሚያ ቤቶችና ነጋዴዎች ጠረጴዛ ይዘው፣ መብራት አስተካክለው፣ ዕቃቸውን በመስታወት ሥር ደርድረው ይቀመጣሉ። አሜሪካኖቹማ ሳንቲምን እንደ ተማሪ ፈትነው ከ70 ማርክ ይሰጡታል። ከዚያ በፕላስቲክ አሽገው ይሸጡታል፤ ገዢውም ዕድሜ ልኩን ገላውን ሳይነካው ይሞታል። ሂርማታ ላይ ማርኩ ሁለት ብቻ ነው፦ ትደውላለች፣ አትደውልም። ሽማግሌው ብሯን በጣታቸው ጫፍ ላይ ያስቀምጡና በሌላ ብር ጠርዟን መታ አድርገው ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ደህናዋ ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ ትሰጣለች፤ እርሳስ የተቀላቀለባት ዱብ ብላ ትቀራለች። የእኔ መሣሪያ ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ የወርቅ ቤት ሚዛን፣ አጉሊ መነፅርና ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ "ጠገራ" ካለ ባለቤቱ ሳይቀየም የሚሸኝበትን ቃል መፈለግ ነው። ማግኔቱ ዕለቱን በሙሉ ሰው ያጣላል።

ጠገራ የምንላት ማርትሬዛ ናት። ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከእኛ ነገሥታት ጋር ተያይታ አታውቅም፤ ስለ ጅማም ሰምታ አታውቅም። ግን የቀይ ባሕር ነጋዴ ያቺን ባለ ሙሉ ደረት እመቤት አንዴ ካመነ በኋላ ሌላ መልክ ያለበት ብር አልቀበልም ስላለ፣ ማተሚያ ቤቶቹ ዓመተ ምሕረቷን ሳይነኩ 1780 እያሉ መቱላት፤ ዛሬም ይመታል። ክብደቷ 28 ግራም ከምናምን ነው፤ ከዚያ ውስጥ ጥሩው ብር 23 ግራም ተኩል ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። በጥንት ጊዜ ሚዛንም እሷው ነበረች፤ ወርቁም ዝባዱም በእሷ ክብደት ልክ ይሸጥ ነበር። ሰዉ ሲቀበላት ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያይ ነበር፤ ዘጠኙ ዕንቁ ተሟልቶ ካልታየ፣ ከደረቷ ሥር ያሉት ሁለት ፊደላት ከጠፉ፣ አይቀበላትም። ማንበብ የማይችል ሰው የላቲን ፊደል እየመረመረ ገንዘብ ይመልስ ነበር ማለት ነው። የዛሬው የባንክ ገንዘብ ተቀባይ እንኳ መቶ ብሬን እንዲህ አያገላብጥም።

እንግዲህ ከዚህ ነው ሳቁ የሚጀምረው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ፣ ወታደሩ እዚህ የሚከፍለው ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ገብቶት እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ ይመታ ጀመር። እንግሊዞችም አላረፉም፤ ለንደን መቱ፣ ቦምቤይ መቱ፣ በርሚንግሃም መቱ። ሁሉም ላይ 1780 ነው። ስለዚህ አንድ ገዢ መጥቶ "ኦሪጅናል ናት?" ሲለኝ የምመልሰው ይቸግረኛል። ብሩ ብር ነው፤ ክብደቱ ልክ ነው፤ ሴትዮዋም ያው ናት፤ ዓመቱ ብቻ ውሸት ነው፤ ያውም መንግሥታት በይፋ የዋሹት ውሸት።

አንድ ሀጂ በዚህ ጉዳይ አፌን አስይዘውኛል። ብሯን መሀረብ ላይ አስቀምጠው፣

"ይህቺ የ1780 ናት" አሉኝ። "ቅድመ አያቴ ከአባ ጅፋር እጅ የተቀበላት።"

የጂሬኑ አባ ጅፋር፣ ዳግማዊው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የገዙ ናቸው። በመቶ ዓመት ይተላለፋሉ። ሀጂን ግን በምን አፍ ልቁጠርላቸው? ደግሞ ብቸኛው እሳቸው ቢሆኑ ምንም አልነበረም። እኔ የማውቀው ጠገራ ሁሉ ከአባ ጅፋር እጅ የተቀበሉት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ንጉሡ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ችሎት ሳይቀመጡ፣ ፈረስ ሳይቀመጡ፣ ከጂሬን ቤተ መንግሥታቸው ሰገነት ላይ ቆመው ለመንገደኛ ብር ሲያድሉ ኖረዋል ማለት ነው።

"ሀጂ፣ ለአባ ጅፋር ስንት ልጨምር?" አልኳቸው።

"ለሳቸው ሳይሆን ለቅድመ አያቴ ነው የምትጨምረው። ንጉሥ ዝም ብሎ ለማንም አይሰጥም።"

ጨመርኩ። ምን አደርጋለሁ?

ገጠር ወጥቶ መግዛት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ከዚያ ወደ ጎማ መንደሮች ስትወጣ፣ በተለይ ቡና መጀመሪያ የተገኘው እኛ ዘንድ ነው በሚሉት በጮጬ አካባቢ፣ ዋጋ በቆመበት የሚጠራ ሰው አታገኝም። መጀመሪያ ግባ ትባላለህ። በርጩማ ይቀርባል፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። ቡናው ይቆላል። አቦል ላይ የሚወራው የቡና ዋጋ ነው፦ ዘንድሮ ፈረሱላው ስንት ገባ፣ ሰብሳቢው ምን አለ፣ ዝናቡ አበባውን መታ ወይስ አልመታም። ሳንቲም የሚል ቃል ካነሳህ ያልተማርክ ነህ። ቶና ላይ ዘር ይቆጠራል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ወደ ጌራ እንደተዳረች፣ የትኛው አጎት ከጣሊያን ጋር ተጣልቶ ጫካ እንደገባ። ብሯ የምትመጣው በረካ ላይ ነው። ከበረካ በፊት ሥራ አለኝ ብሎ የተነሳ ነጋዴ ሌላ ጊዜ አይመለስ። የዚህ ንግድ ካፒታል ገንዘብ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች በቀን አምስት ቤት ገብተው ሦስት ሦስት ስኒ አልጠጡም። ሌሊቱን ዓይኔ ፈጥጦ ጣሪያ ስቆጥር ያደርኩባቸው ጠገራዎች ከክብደታቸው በላይ ያስከፈሉኝ ናቸው።

በእንዲህ ያለ ቤት ደግሞ የሚያሳዝን አክብሮት አለ። ባለቤቲቱ ነጋዴ ሊመጣ ነው ሲባሉ ሌሊቱን ብሯን በአመድና በሎሚ አሽተው፣ ፈግፍገው፣ አብረቅርቀው ይጠብቁኛል። እንግዳ በቆሸሸ ዕቃ አይቀበሉማ! በሰብሳቢዎች ዓለም ደግሞ ይህ ወንጀል ነው፤ የመቶ ዓመት ጥቁረቷን ያጣች ሳንቲም ዋጋዋ ይወድቃል። ይህንን ለባለቤቲቱ እንዴት እነግራቸዋለሁ? ቢታጠብ ረከሰ ማለት በየትኛው አገር ነገር ነው? "ምነው ልጄ፣ አልጠራም እንዴ?" ሲሉኝ "በጣም ጠርቷል እንጂ" እላለሁ፤ እውነቴን ነው፤ ንግሥቲቱ አፍንጫ አልተረፋትም።

ለአንገት ጌጥ ተብሎ ቀለበት የተበየደባትም እንዲሁ ናት። በርሊን ብትወስዳት ተበላሸች ይሉሃል። ሰቃ ላይ ለምትዳር ልጅ ወንድም ካሳየሃት ግን ቀለበት ከሌላት ምን ትሠራለች ይልሃል። ስለዚህ አንዷ ብር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዋጋ አላት፤ የእኔ ጥበብ ከሁለቱ ገዢ የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ መገመት ነው። ታኅሣሥ ላይ ቡናው ሲሸጥ አንዳንዴ በክረምት የሸጡልኝ ሰዎች ራሳቸው ሊገዙ ይመጣሉ። "ያቺ የኔዋ አለች?" ይላሉ። የእነሱዋ የት እንዳለች እግዜር ይወቅ፤ ምናልባት አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል ወይም የጆሮ ጉትቻ አድርጓታል። ሌላ 1780 አውጥቼ እሰጣለሁ። አገላብጠው ያዩና "አዎ፣ እሷው ናት" ይላሉ። በዚህ ላይ ምንም አልጨምርበትም።

አንጥረኛውን ካነሳን አይቀር፣ ከእሱ ጋር መገበያየት ዕረፍት ነው። ሚዛን ላይ ያደርጋል፣ ይቆጥራል፣ ይከፍላል። አባ ጅፋር፣ ቅድመ አያት፣ ጫካ የገባ አጎት፣ ሁሉም በእሳቱ አንድ ናቸው። አይከራከርም፤ ግን ደግሞ አንድ ሳንቲም አይጨምርም።

ከንግሥቲቱ ሌላ የሚመጣውን ልናገር። የአጤ ምኒልክ ብር ይመጣል፤ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ተመትቶ የገባው፣ አንበሳ ያለበት። ንጉሠ ነገሥቱ በራሳቸው መልክ ያስመቱት ብር በገዛ አገራቸው ገበያ ሴትዮዋን ማሸነፍ አቅቶታል፤ ሕዝቡ ለንጉሡ እየሰገደ ገንዘቡን በማርትሬዛ ነበር የሚቆጥረው። ዝርዝር ሲቸግረው አሞሌ ጨውና የጠመንጃ ጥይት ይቀባበላል እንጂ ለመሐለቅና ለግርሽ ብዙም ደንታ አልነበረውም። አሁን ግን ያ የተናቀ ግርሽ በተራው ይፈለጋል። የአዲስ አበባ ሰብሳቢዎች ስልክ ደውለው "አንበሳው የትኛውን እግሩን ነው ያነሳው?" ይሉኛል፤ ግራውን ያነሳበትም ቀኙን ያነሳበትም አለና። መስመሩ ላይ እየጮህኩ "ቀኙን! ቀኙን!" ስል ልብስ ሰፊው ወዳጄ ስለ በሽተኛ የማወራ መስሎት "እግዜር ይማረው" ብሎኛል።

የጣሊያን ሊሬ ይመጣል። ጅማ የጣሊያኖቹ የደቡብ ምዕራብ ግዛት መቀመጫ ስለነበረች ፈረንጅ አራዳን ትተውልን ሲሄዱ ሊሬውንም ትተውልን ሄደዋል፤ ሰፈሩ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ያገለገለው የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ አንበሳ ከተራራ ፊት ቆሞበት። ባለቤቶቹ አንበሳውን አይተው "የምኒልክ ነው" ይላሉ። በኢትዮጵያ ገበያ አንበሳ ሁሉ የምኒልክ ነው።

ስለ ጠገራ ብዙ ስቀናል፤ አንድ የማልስቅበት ነገር አለ። ሂርማታ ቡናና ዝባድ ብቻ የወጣበት ገበያ አልነበረም፤ ሰውም ተሽጦበታል፤ የተከፈለውም በዚችው ብር ነው። ሻጭ ስለ ብሩ ሲያወራኝ አያቱ ስለገዙት በቅሎና መሬት ይነግረኛል። ስለ ሌላው ነግሮኝ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ለገዢ የምነግረው የታሪክ ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ብሯ ግን በዚያም እጅ አልፋለች።

አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ። የዚህ ንግድ ትልቁ ጠላት ሐሰተኛ ሳንቲም አይደለም፤ ስልክ ነው። አንድ ሰው የት እንደሆነ የማይታወቅ ቦታ ቁጭ ብሎ "የጃንሆይን ሳንቲም ያላችሁ ሚሊየነር ናችሁ" ብሎ ቪዲዮ ይለቃል። በማግሥቱ አጋሮ መናኸሪያ ላይ አንድ ወጣት ያስቆመኛል። መዳፉን ሲከፍት የ1969 አምስት ሳንቲም፤ ተኩሶ የሚዋጋው ወታደር ያለበት።

"ስንት ልትል ነው?" አልኩት።

"ባጃጅ።"

"ባጃጅ ምን?"

"የባጃጅ ዋጋ። አዲስ ባይሆንም ግድ የለም።"

ዓመቱ ያታለለው መሰለኝ። ደርግ ያወጣቸው ሳንቲሞች ለብዙ ዘመን 1969 እያሉ ነው የታተሙት፤ ከነፃነት በኋላ የወጡት የጃንሆዮቹም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 1936 ናቸው። እኛ አገር ሳንቲም አያረጅም፤ አንዴ የተወለደበትን ዓመት ይዞ ይቀራል። ይህንን ሁሉ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና "እሺ፣ የባጃጅ ጎማ" አለ። ከባጃጅ ወደ ጎማ በአንድ ትንፋሽ የወረደ ሻጭ ሂርማታ ላይ አይቼ አላውቅም። ልጁ ነጋዴ ይወጣዋል።

መስከረም 2013 የብር ኖቱ ሲቀየር ደግሞ ሌላ ወረፋ ነበረብኝ። የመቀየሪያው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ከጆንያ ሥር፣ ከፍራሽ ውስጥ፣ ከሞተ ሰው ካፖርት ኪስ አሮጌ መቶ ብር እየተገኘ መጣ። "አሁን እኮ ቅርስ ሆነ" ይሉኛል። አንድ አዛውንት ግን መቶዎቹን አልሸጥም ብለው በ1969 ከተቀየረው ከጃንሆይ ኖት አጠገብ ሊያኖሩት ወሰኑ። ሁለት ጊዜ ተቀይሮባቸዋል። "ጠገራን ይቀይራት የነበረ መንግሥት አላየሁም" ብለውኝ ሄዱ። እውነትም የማትቀየርበት አንድ ምክንያት አላት፤ እኛ አገር ማንም መንግሥት የእኔ ናት አላለም።

ስለ ቅርስ ከተነሳ፣ ፈረንጅና ከውጭ የመጣ ዘመድ ሲገዛኝ አስቀድሜ እናገራለሁ፦ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ የተከለከለ ነው፤ ቦሌ ላይ ሻንጣ ይፈተሻል። ይህን ስል ግማሹ ይተወኛል፤ ግማሹ ይበልጥ ይፈልጋታል።

የዘንድሮን ክረምት ምርጥ ግብይት ነግሬ ላብቃ። ጃንሆይ ከነፃነት በኋላ ሳንቲም ሲያወጡ ሽልንጉ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ብር ነበር፤ ስሙኒው ደግሞ መዳብ፤ ክብ፣ መጠኑም ከሽልንጉ የሚቀራረብ። ብልጦች ወዲያው ገባቸው። ስሙኒውን ብር ብር አስመስለው ቀብተው በሽልንግ ዋጋ አሳለፉት። መንግሥት ነገሩ ሲገባው ክቡን እየሰበሰበ በምትኩ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ስሙኒ አወጣ። ስለዚህ ክቡ ስሙኒ ዛሬ ብዙ አይገኝም፤ ቅቡ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ከሊሙ በኩል የመጡ በጣም የሸመገሉ ሰውዬ፣ ልጅ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዟቸው፣ አንዷን አቀረቡልኝ። የጃንሆይ አፍንጫና የአንበሳው ጋማ ላይ ቅቡ ተልጦ መዳቡ ቀልቷል፤ በቀረው ላይ ግን የዚያ ዘመን ሌባ እጅ ሥራ እንዳለ አለ። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን አጨፈገግኩ።

"አባቴ፣ ይህቺ እኮ ሐሰተኛ ናት።"

"ለማን ትነግረኛለህ? ልጅ ሆኜ ጀንፈል ተሸክሜ ወርጄ የተከፈለችኝ እኮ ናት። ሽልንግ ነው ብሎ ሰጠኝ። አባቴ አስደወላት፤ አልደወለችም፤ እኔን አስጮኸኝ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ አስቀመጧት?"

"ሰውዬውን ሳገኘው ልመልስለት።"

ደህና ዋጋ ሰጠኋቸው፤ ለሐሰተኛነቷ ጭምር ከፈልኩ ማለት ነው። ገንዘቡን ቆጥረው ለልጅ ልጃቸው ሰጡና እጃቸውን ዘረጉ።

"ቀሪው?"

"ምን ቀሪ አለ አባቴ?"

"ሃምሳ ሳንቲም ነበር የምወስደው። የተሰጠኝ ሃያ አምስት ነው። ያቺ ስሙኒ እስከ ዛሬ አልተከፈለችኝም። ንግዱን የወረስከው አንተ አይደለህ?"

በረንዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ፈረደብኝ። ስሙኒ ፍለጋ ተነሳሁ። የምኒልክ ብር፣ የጣሊያን ሊሬ፣ የእንግሊዝ ሽልንግ በከረጢቴ ሞልቷል፤ ዛሬ የሚሠራ ሃያ አምስት ሳንቲም ግን የለኝም። ልብስ ሰፊው የለውም። የታክሲ ረዳቱ ሳቀብኝ። ሱቁ ድረስ ሄድኩ፤ ባለሱቁ መሳቢያውን ከፍቶ ቢያጣ፣ እንደ ልማዱ በሳንቲም ፈንታ ማስቲካ ሰጠኝ።

አምጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

"ይኼ ጥርስ ላለው ነው" አሉ። "ስሙኒዬን ሐሙስ መጥቼ እወስዳለሁ።"